ዲግሪና ድስት

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ሀገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ጥራት፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ተማሪው መብት ብዙ ተብሏል፤ ገና ብዙም ይባላል። ስለ ሽሮ የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሽሮ የሚበላ እንጂ የሚጻፍበት ነገር አይደለም ተብሎ ይታሰባል። እኔ ግን የተማረው ክፍል በየቀኑ ሦስት ጊዜ ስለሚያደርገው ነገር ምንም ሳያስብ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚያጋጥመው ነገር ብቻ የሚከራከር ከሆነ፣ ትምህርቱ አንድ እግሩ አጭር ነው እላለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ድስት ነው። አንባቢዎቼ ሳይስቁ፣ ቢስቁም ሳያቋርጡ፣ እስከ መጨረሻው እንዲከተሉኝ እለምናለሁ።

ሐሳቤን በቅድሚያ በአጭሩ ላስቀምጥ። ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ከዚህ ግቢ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ አምስት ዓይነት ተራ ምግብ በገዛ እጁ ሠርቶ ለመብላት መቻል አለበት። ይህን የማይችል ሰው ዲግሪ ቢይዝም ገና በሰው ጀርባ ላይ የታዘለ ነው። ይህም ችሎታ በምኞት ብቻ ስለማይገኝ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን በግቢው ውስጥ አንድ የጋራ ማዕድ ቤት እንዲከፈት መጠየቅ ይገባዋል።

አስቀድሜ ስለ ወንዶቻችን ልናገር፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝና። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። በክርክር መድረክ ላይ ቆሞ ይህንኑ አባባል የማያወግዝ ተማሪም የለም። ነገር ግን ያው ተከራካሪ ከመድረኩ ወርዶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ በተከራዩት ቤት ሲሰበሰብ፣ ሽንኩርቱን የሚከትፈው ማን ነው? ድስቱንስ የሚያጥበው? የክፍላችን እኅቶች ናቸው። «እስቲ ዛሬ ሙያሽን አሳዪን» ይባላሉ። እነሱም ልክ እንደኛ ሰኞ ፈተና አለባቸው። እኛ በዚያ ሰዓት ስለ እኩልነት የጀመርነውን ክርክር እንቀጥላለን።

ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። «ባለሙያ ነው» ሲባል መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ የሕግ ዐዋቂው ትዝ ይለናል። «ባለሙያ ናት» ሲባል ግን ወጥ የምታውቅ፣ እንጀራዋ ዓይናማ የሆነላት ሴት ትመጣብናለች። አንድ ቃል በጾታ ሁለት ቦታ ተከፍሎ አንደኛው ደመወዝ ያመጣል፤ ሁለተኛው «እጅሽ ይባረክ» ብቻ ያመጣል። እጅ መባረኩ መልካም ነው። ነገር ግን ምርቃት ብቻውን ጊዜ አይመልስም፤ ለፈተናም አያስጠናም።

«ወንድ ልጅ ማጀት መግባቱ ከባህላችን የወጣ ነው» የሚል ወንድም እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ይህ ወንድም ባህሉን በግማሽ ዓይን የሚያይ ነው። በትግራይ በሚገኘው በደብረ ዳሞ ገዳም፣ በገመድ ተንጠላጥለው በሚወጡት አምባ ላይ፣ ሴት አትደርስም፤ ሥርዓቱም ከጥንት ጀምሮ የጸና ነው። ታዲያ እዚያ ላሉት መነኮሳት ምግቡን የሚያሰናዳው ማን ነው? ራሳቸው ናቸው። ድስት በመያዛቸው ክብራቸው ተቀንሷል ያለ ሰው አልሰማንም። የቆሎ ተማሪውም ቢሆን ጎጆውን ራሱ ቀልሶ፣ ለምኖ ያገኘውን ጥሬ ራሱ ቆልቶና ቀቅሎ፣ ከቅኔው ጋር ያኝካል። በዓል ሲመጣ በሬ የሚጥለው፣ ሥጋ የሚበልተው ወንድ ነው። በየትልልቁ ሆቴል ነጭ ቆብ ደፍተው ወጥ ቤቱን የሚያዙት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ከዚህ የምንረዳው ወንድ ልጅ ምግብ መሥራት አይችልም ወይም አይገባውም የሚል ሕግ እንደሌለ ነው። ሕጉ ሌላ ነው። ሥራው ደመወዝ ወይም ክብር ሲኖረው የወንድ ይሆናል፤ በየቀኑ ሲደጋገምና ዋጋ ሲያጣ ደግሞ የሴት ይሆናል። ልንሽረው የሚገባን ይህን ሕግ ነው።

ለወንዱ ብቻም አይደለም የምናገረው። ዛሬ ብዙ እኅቶቻችን ምግብ መሥራትን የጭቆና ምልክት አድርገው በመቁጠር ጨርሰው ትተውታል። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ከጭቆና መውጫው መንገድ ሁለቱም እኩል ባለሙያ መሆን ነው እንጂ ሁለቱም እኩል መሀይም መሆን አይደለም። እኩል መሀይም በሆንን ጊዜ ሁላችንም በቦምቦሊኖና በለስላሳ መጠጥ እጅ እንወድቃለን፤ ቤታችን ውስጥም ከገጠር የመጣች ሌላ ታናሽ እኅት ለትንሽ ደመወዝ ሽንኩርት ስትከትፍ ትገኛለች። ይህ ነጻነት አይባልም፤ ሸክምን አቅም ወደሌለው ማሸጋገር ነው።

አሁን ወደ ጤናው ልመለስ። ተማሪ ስለ ምግብ ሲያወራ አንድ ስሕተት ይደጋግማል። ሽሮ የድኃ ምግብ ነው፤ ሥጋ ያልበላ ሰው አልበላም ይላል። የምግብ ሳይንስ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ሰውነታችን ሥጋና ደም የሚሠራበት ፕሮቲን የሚባለው ነገር ከብዙ ጥቃቅን ክፍሎች የተገነባ ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ከነዚህ ክፍሎች ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል። ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላና ምስር ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ሜታዮኒን የሚባለው ይጐድላቸዋል። እንጀራ በሽሮ በተበላ ጊዜ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። አንድ መቶ ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ ሃያ አራት ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ በሀገራችን የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ፋፋን ያዘጋጀው ይህንኑ እህልን ከጥራጥሬ የማዋሐድ መሠረት ይዞ ነው። እናቶቻችን ግን ላይሲን የሚባል ስም ሳይሰሙ ከዘመናት በፊት በድስትና በምጣድ አዋሕደውት ኖረዋል።

እንጀራውም ራሱ ተራ ነገር አይደለም። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ፣ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሰውነትም ማዕድኑን ለመውሰድ ይቀለዋል። ከምግቡ ጋር ሎሚ ወይም ጥሬ ቃሪያ ሲኖር ደግሞ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ የብረቱን መዋጥ ይረዳል። በአንጻሩ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ይከለክላሉ። እንግዲህ ምሳ በልቶ ሳይነሣ ሻይ የሚያዝዝ ተማሪ በአንድ እጁ የሰበሰበውን በሌላው እጁ ይበትናል ማለት ነው። በተለይ እኅቶቻችን በየወሩ ደም ስለሚፈሳቸው የብረት እጥረት ያጠቃቸዋል። ሻዩን አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው።

በፈተና ሰሞን የምንኖርበትን ደግሞ እንመልከት። ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ሠላሳ ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ይህም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይ፣ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከዐሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከዚያም በግማሽ እንዲያንስ መክሯል። ግማሹ ለአንድ ዐዋቂ ሰው ወደ ሃያ አምስት ግራም ይጠጋል። ስለዚህ ያቺ አንዲት ጠርሙስ ብቻዋን የቀኑን ድርሻ ጨርሳ ታልፋለች። ሁለት ቦምቦሊኖ፣ ያውም ደጋግሞ በፈላ ዘይት የተጠበሰ፣ ሲጨመርበት ተማሪው ለአንድ ሰዓት ይነቃና ለሦስት ሰዓት ያንቀላፋል። ከዚያም «መጽሐፉ ከባድ ነው» ይላል።

ስለ ሥራው ዘዴ ሳልናገር ስለ ጥቅሙ ብቻ ብሰብክ፣ መንገዱን ሳያሳይ «ሂድ» እንደሚል ሰው እሆናለሁ። ስለዚህ አምስቱን ምግቦች በየተራ ልጥቀስ። ማናቸውም የተለየ ተሰጥዎ አይፈልጉም።

የመጀመሪያው በሶ ነው። እሳት እንኳን አይጠይቅም፤ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ ተፈጭቷል። ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ ክዳን ባለው የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ፣ ንጹሕ ውሃና ትንሽ ጨው ወይም ማር ጨምሮ፣ በደንብ መናጥ ነው። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ወደ ክፍል የሚሮጥ ተማሪ ከዚህ የፈጠነ ምግብ በዓለም ላይ ቢፈልግ አያገኝም። በዘይትና በሚጥሚጣ አሽቶ ጭብጦ ማድረግም ይቻላል።

ሁለተኛው ክንጬ ነው። አንድ ብርጭቆ የተከካ ስንዴ አጥቦ፣ ሁለት ብርጭቆ ተኩል ያህል ውሃ አፍልቶ፣ ጨው ጨምሮ፣ በቀስታ እሳት ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ማብሰል ነው። ውሃውን ሲጨርስ ማንኪያ ቅቤ፣ በጾም ዘይት፣ ጣል ይደረግበታል። ሁለት ሰው ያጠግባል፤ እስከ ምሳም ያቆያል።

ሦስተኛው አዚፋ ነው። ድፍን ምስር ለቅሞና አጥቦ እስኪለሰልስ መቀቀል፤ ውሃውን አጥልሎ ማቀዝቀዝ፤ በማንኪያ ጀርባ ግማሹን ጨፍለቅ ማድረግ፤ ከዚያ በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ሰናፍጭ፣ ጨውና ጥቂት ዘይት መጨመር። ቀዝቃዛ ምግብ ስለሆነ ዳግመኛ ማሞቅ አይፈልግም። ሎሚውም፣ ከላይ እንደተባለው፣ ጣዕም ብቻ አይደለም።

አራተኛው ጎመን በድንች ነው። ጎመኑን በብዙ ውሃ ደጋግሞ አጥቦ መክተፍ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት ካቁላሉ በኋላ ድንቹን፣ ቀጥሎም ጎመኑን መጨመር፤ በመጨረሻ ቃሪያ ጣል ማድረግ። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ አራት መቶ ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ብዙዎቻችን ይህን ያህል በሳምንትም አንበላም። ጨውም ቢሆን በቀን ከአምስት ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳያልፍ ተመክሯል። በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው የጨውን መጠን ራሱ ያዛል፤ ሰው ሠርቶ የሚያበላው ግን አያዝም።

አምስተኛው፣ የሁሉም ንጉሥ፣ ሽሮ ነው። ለሁለት ሰው አንድ ራስ ሽንኩርት ከትፎ በሁለት ማንኪያ ዘይት ማቁላላት፤ ነጭ ሽንኩርት መጨመር፤ ግማሽ ብርጭቆ ሽሮ አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ፤ ከዚያ ወደ ድስቱ ገልብጦ በጠቅላላው ሁለት ብርጭቆ ያህል ውሃ እንዲሆን አድርጎ እያማሰሉ ማንተክተክ። ዱቄቱን በፈላ ውሃ ላይ የሚበትን ሰው የሚጓጉልበት በራሱ ጥፋት ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል በቀስታ ሲንተከተክ ጥሬ ጥሬ ማለቱን ይተዋል።

ስለ ሽሮ ሳነሣ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከክረምት ዕረፍት ስንመለስ በየሻንጣችን ሥር የምንይዛት የሽሮ ላስቲክ ከየት መጣች? እህሉ ተለቅሟል፤ ታጥቧል፤ ተቀቅሎ ወይም ታምሶ ተከክቷል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተልጦ፣ ዝንጅብሉ ተወቅጦ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላውና ጥቁር አዝሙዱ ተለክቶ፣ ሁሉ አንድ ላይ ወፍጮ ቤት ሄዶ ወረፋ ጠብቋል። ይህ የብዙ ቀን ሥራ ነው። እኛ በሃያ ደቂቃ የምንሠራው ወጥ፣ እናት ለብዙ ቀን የሠራችው ሥራ መጨረሻ ብቻ ነው። ሽሮ ሠርቶ የማያውቅ ተማሪ ይህን አያውቅም። ላስቲኳን ለጓደኛው አሳልፎ ይሰጥና «ቤት የላኩልኝ ሽሮ አለ፣ የሚሠራ ካለ ይውሰድ» ይላል። እናቱን የናቀ አይመስለውም፤ ነገር ግን ድካሟን ሳያነብ የመለሰ ደብዳቤ አድርጎታል።

የተላከልንን ስንቅ ስናስቀምጥም ማስተዋል አለብን። እርጥበት የነካው በርበሬ፣ ለውዝና ሽሮ ሻጋታ ያበቅላል፤ ከሻጋታውም አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ በተራ መቀቀል አይጠፋም። ስለዚህ ስንቁ በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ የሻገተውም «ብናበስለው ይሞታል» ሳይባል ይጣል።

ስለ ጤና ብቻ የጻፍኩ እንደሆነ ጓደኞቼ «መነኩሴ ሆንክብን» እንዳይሉኝ እፈራለሁ። አንዳንድ ጊዜ ጣፋጭ ነገር መብላት መብት ነው። ጨጨብሳ እንሥራ። ዱቄት በጨውና በውሃ አቅጥነን ለውሰን፣ በምጣድ ላይ ስስ ቂጣ ጋግረን፣ ትኩሱን ቆራርሰን፣ በቀለጠ ቅቤና በቁንጥር በርበሬ አሽተን፣ ማር ጠብ እናድርግበት። የጾም ቀን ከሆነ በዘይት ይሁን። ነገር ግን በየቀኑ የሚበላ ጨጨብሳ ጨጨብሳነቱ ይቀራል። ፋሲካ የሚጣፍጠው ከፊቱ አምሳ አምስት ቀን ሁዳዴ ስላለ ነው። አንድ ቅዳሜ በአራት ሰው ተሠርቶ የተበላ ጣፋጭ፣ በየቀኑ ለብቻ ተገዝቶ በመንገድ ከሚበላው ብስኩት ይልቅ ሆድንም ልብንም ይሞላል። ወዳጅነት ያለ ማዕድ አይጸናም፤ ይህን አባቶቻችን ማኅበርና ዝክር ሲያቋቁሙ ዐውቀውታል።

አሁን ተቃውሞዎችን ልመልስ።

አንደኛው፣ «ጊዜ የለንም» የሚለው ነው። ምስር በራሱ ይበስላል፤ ድስቱ አጠገብ ተቀምጦ ማስታወሻ ማንበብ ይቻላል። ከዚህም በላይ አራት ተማሪዎች ቢስማሙ እያንዳንዱ በአራት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ዕቁብ ማለት ይኸው አይደለምን? ገንዘባችንን በዕቁብ ስናስተባብር የኖርን ሕዝብ ድስታችንን ማስተባበር አያቅተንም። ሁኔታው ግን አንድ ነው፤ በተራው ወንዱም ሴቷም እኩል ይግቡበት። ወንዱ ገንዘብ ሰጥቶ ሴቷ ጉልበት የምትሰጥበት ዕቁብ ዕቁብ አይባልም።

ሁለተኛው፣ «የተማሪዎች ምግብ ቤት አለ፤ መንግሥት ይመግበናል፤ ገንዘቡንም በወጪ መጋራት በኋላ እንከፍላለን» የሚለው ነው። እውነት ነው። የምግብ ቤቱ ማዕድ እንዲሻሻል መጠየቅ መብታችን ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንዲት መስመር እንኳን ያንን ጥያቄ እንድታደክም አልፈልግም። «ራሳችሁ አብስላችሁ ብሉ» ተብሎ ግዴታው ከአስተዳደሩ ትከሻ እንዲወርድ የሚፈልግ ቢኖር እኔ ከፊተኞቹ ተቃዋሚዎች አንዱ እሆናለሁ። ነገር ግን ምግብ ቤቱ በምረቃ ቀን ይዘጋብናል። ገንዘባቸውን ተቀብለው ውጭ የሚመገቡት፣ ነን ካፌ የምንላቸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቶባቸዋል። የወሩ አበል በግማሽ ወር ሲያልቅባቸው የምናየው ሁልጊዜ አባካኝ ስለሆኑ አይደለም፤ ከገበያ ምስር ገዝቶ መቀቀልን የሚያህል ርካሽ ነገር ስላልተማሩ፣ ቢማሩም የሚቀቅሉበት ቦታ ስላጡ ነው።

ከምረቃ በኋላ ያለውን ኑሮም እናስብ። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተጀመረ ጊዜ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ፣ ይልቁንም በመምህርነት፣ ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተዋል። የዛሬውም መምህር፣ የግብርና ባለሙያና የጤና መኮንን መጀመሪያ የሚመደበው ወላጆቹ ሰፈር አይደለም። የወረዳው ከተማ አንድ ሁለት ምግብ ቤት ይኖራት ይሆናል። ድስት የማያውቅ ሰው ደመወዙን ለዚያ ምግብ ቤት አስረክቦ፣ ከጨጓራውም ጋር ተጣልቶ፣ በስድስተኛው ወር የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል። ከዚያ «ወጣቱ ገጠርን ይሸሻል» ይባላል። ገጠሩን ከሚሸሽበት ምክንያት አንዱ በማጀቱ ውስጥ ያለ መሆኑን የሚያስተውል የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። «ሀገር እየተራበ ስለ ጨጨብሳ ትጽፋለህ?» የሚል። ከኛ በፊት የነበሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሀብ ሲያልቅ ዝም አላሉም፤ እኛም ረሀብን ልንረሳ አይገባንም። ነገር ግን እህል እንዴት እንደሚበስል፣ ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ ምን ያህል እንጨትና ውሃ እንደሚጠይቅ ያላወቀ ሰው፣ ስለ ረሀብ የሚያወራው ከመጽሐፍ ብቻ ነው። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እሳት አንድዳ የምታበላውን የገበሬ ሚስት ኑሮ ማሻሻል የሚፈልግ፣ አስቀድሞ ሥራዋን ሥራ ብሎ ይቍጠረው። ድስት ስለ ሕዝብ ከማሰብ አያግድም፤ እንዲያውም ወደ ሕዝብ የሚወስድ አጭሩ መንገድ ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ትክክለኛ ነው፤ እሱም «በማደሪያ ክፍል ውስጥ ምግብ ማብሰል ክልክል ነው» የሚለው ነው። ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። አንድ መሰኪያ ላይ ሁለት ሦስት የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሰካበት ክፍል እሳት ይጠራል። በተከራይ ቤት ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ፤ ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው እንደተኛ ይገድላል። ስለዚህ ከሰል በዝግ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነድም፤ ይህን ለጓደኛው ያልነገረ እንደ ጓደኛ አይቈጠር። ይሁንና ክልከላ ብቻውን መልስ አይደለም። ተማሪው ዛሬም በሩን ቈልፎ፣ በመስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ ተደብቆ ያበስላል። የተደበቀ ነገር ሁሉ አደገኛ ነው። መልሱ የተፈቀደ ቦታ መክፈት ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

በመጀመሪያ፣ በየማደሪያው ሕንፃ ወይም ቢያንስ በግቢው አንድ ቦታ፣ ውሃ የገባለት፣ ሰፊ መስኮት ያለው፣ አራት ምድጃና የእሳት ማጥፊያ የተሟላለት የጋራ ማዕድ ቤት እንዲሰጠን አስተዳደሩ ይጠየቅ። ዕቃ ማከማቻ ሆነው የቀሩ ክፍሎች ለዚህ ይበቃሉ።

ሁለተኛ፣ ተራው በስም ዝርዝር በፊደል ቅደም ተከተል ይሁን፤ ወንድና ሴት የሚል ዐምድ በመዝገቡ ላይ አይኑር። የበላ ሁሉ የበላበትን ይጠብ፤ የሠራም ምድጃውን ወልውሎ ይውጣ። ሥራ አስፈጻሚዎቹም ከተራው ነጻ አይሁኑ።

ሦስተኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የሁለት ሰዓት ትምህርት ይሰጥ። አስተማሪዎቹም ከሩቅ አይፈለጉ። የተማሪዎች ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለብዙ ሺህ ሰው የሚያበስሉ፣ ጠዋት እኛ ሳንነሣ የሚነሡ፣ ሰልፍ ላይ ቆመን «እትዬ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ» ስንላቸው ካልሆነ በቀር ቀና ብለን የማናያቸው ሴቶች አሉ። እነሱ መምህራን ይሁኑ፤ ለትምህርቱም ከማኅበሩ ሣጥን አበል ይከፈላቸው። በዚያች ቅዳሜ እኛ ማስታወሻ ይዘን ቆመን እንስማቸው። «ባለሙያ» የሚለው ቃል አንድ ትርጕም ብቻ እንዲኖረው ከፈለግን ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ያለ አይመስለኝም።

ይህ ሐሳብ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንዲቀርብ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። የሚደግፉ እንዲደግፉ፣ የሚቃወሙም ምክንያታቸውን ይዘው እንዲመጡ እጠይቃለሁ። ሊቀ መንበሩንም አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ለመቃወም እጁን የሚያወጣ ወንድም ቢኖር፣ ድምፁ ከመቈጠሩ በፊት፣ በዚያ እጅ ሽንኩርት ከትፎበት ያውቅ እንደሆነ ይጠየቅልኝ።

አንድ የማኅበሩ አባል